የእማሆይ መርፌ

ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ መርስዔ ኀዘን፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የሐይቁ ንፋስ ሳንባዎን አላስቸገረዎትም? የአጎቴ ልጅ ቢሆኑም እንደ አባት ስለማይዎ ሐሳቤ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር ነው። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ የቀረኝ አንድ ዓመት ተኩል ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለልመና ነው። የመመረቂያ ጥናቴ፣ የስኳር ሕመምተኞች በየቤታቸው ራሳቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡና አብረዋቸው የሚኖሩት ልጆች ምን ያህል እንደሚጨነቁ ነው። መረጃው ከሀገሬ ይምጣ ተብሏል። እርስዎ በክሊኒኩ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ሆነው ሃያ ዓመት ስለሠሩ በባሕር ዳርም በዘጌም ያለውን ሕመምተኛ ከነደጃፉ ያውቁታል። ሠላሳ ቅጽ ልኬልዎታለሁ። ለአንድ ቤት አንድ ቅጽ ነው፤ ፊቱ ለሕመምተኛው፣ ጀርባው ለልጁ። ስም አይጻፍም፤ የቤት ቁጥር ብቻ። የእኛንም ቤት ያስገቡልኝ። እናቴን እማሆይን ጧትና ማታ የምትወጋቸው የአሥር ዓመቷ እሌኒ ስለሆነች፣ ለጥናቱ ከልጄ የተሻለ አላገኝም።

ባለፈው ሳምንት ኢንሱሊን የሚሠራበትን ፋብሪካ አስጎበኙን። የአሳማ ቆሽት በበረዶ ተጭኖ ይመጣል፤ ይፈጫል፣ ይጣራል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ይወጣል። ከስንት አሳማ አንዲት ብልቃጥ እንደምትሞላ ቢያዩ ይገርምዎታል። ይህን ሁሉ ለእማሆይ ለብቻቸው በጻፍሁት ደብዳቤ ዘርዝሬላቸዋለሁ። የሚወጉት ነገር ምን ያህል እንደተደከመበት ካወቁ አያቋርጡም ብዬ ነው። እሌኒ ታነብላቸዋለች።

አክባሪ እኅትዎ ወለላ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለላ፣

በሰው ሀገር የሚጠብቅ አምላክ ይጠብቅሽ። እኛ አለን። ሳንባዬም አለ፤ ሲያስለኝ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ፖስታሽ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ነው የደረሰኝ። የከፈተው ሰው ስለ ስኳር በሽታ ትንሽ ሳይማር አልቀረም።

መጀመሪያ ስለ አሳማው ልናገር። ያን መስመር ሳነብ እጄን በራሴ ላይ ጫንሁ። አንቺ የመሪጌታ ልጅ፣ ለመነኩሲት እናትሽ ይህን ትጽፊያለሽ? በጾመኛ ቤት ስሙ የማይጠራ እንስሳ! ሥራዬን ጥዬ ሮጥሁ። ደብዳቤው ግን ቀድሞኛል። እሌኒም አንብባዋለች፤ ስታነብ አንድ ቃል እንደማትዘል ታውቂያለሽ። እማሆይ ግን ምንም አልመሰላቸውም። "ልጄ የጻፈችውን ሰማሁ። መድኃኒት መድኃኒት ነው። አንተን ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ምን ያስሮጥሃል?" አሉኝ። ተመስገን ብዬ ተመለስሁ።

ቅጾችሽን ጀምሬአለሁ። ሥራው እንደምታስቢው አይደለም። ወረቀት ይዤ በየቤቱ ልጆች ስቆጥር ለብሔራዊ ውትድርና የምመዘግብ መስሏቸው ጎረምሶቹን ሸሸጉብኝ። አራት ወንዶች ልጆች ያሉት ሰው "መካን ነኝ" ብሎ ማለልኝ፤ አራቱንም ያዋለድሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተም ሲመታበት ጊዜ ሰዉ ትንሽ ተመለሰ። ዘጌ ደግሞ አዘዘ የሚባል ቡና ለቃሚ አለ። "ጫማህን ከማጥለቅህ በፊት ውስጡን ትፈትሻለህ?" ብዬ የእግር ቁስል ጥያቄሽን ብጠይቀው "መጀመሪያ ጫማውን ላክልኝና እፈትሻለሁ" አለኝ። ምን ብዬ ልሙላው?

ስለ ጭንቀት ስጠይቅ ይስቁብኛል። "ልጅ ምን ጭንቀት አለበት? በልቶ ይተኛል።" ልጆቹም "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፤ የሚሉት ይኸንኑ ነው።

በአፍ የሚነገረውን ብቻ አልቀበልም። ባዶ ብልቃጥ እቆጥራለሁ፤ ሽንትም እመረምራለሁ። ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር ሳፈላው ስኳር ካለበት እንደ ሸክላ ይቀላል፤ ከሌለበት ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። የእማሆይን እሌኒ በጠርሙስ ታመጣልኛለች። መነኩሲት አክስቴን እዚሁ ስጡኝ አልላቸው! የኅዳሩ ሰማያዊ ነው። ብልቃጡም በልኩ አልቋል።

የመርፌው ጫፍ ደንዟል። ከቻልሽ ጥቂት ጫፍ ላኪ።

እማሆይ ጉንጭሽን ይስሙሻል።

ወንድምሽ መርስዔ ኀዘን

ላይፕዚግ፣ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰዎ። ደብዳቤዎ በአርባ ቀኑ ደረሰኝ። አሥራ ሁለት የመርፌ ጫፍ በሌላ ጥቅል ልኬአለሁ፤ ይከፍቱታል እንጂ አይወስዱትም ብዬ አምናለሁ።

ስለ አሳማው ጥፋቱ የእኔ ነው። በጊዜው አልታሰበኝም። እዚህ ሁሉ ነገር በስሙ ይጠራል፤ እኔም ለመድሁ። እማሆይ እንዲህ በቀላሉ መቀበላቸው ገረመኝ፤ ደግም አደረጉ። ሰማያዊ መሆኑን ሳነብ ደስ ሊለኝ ይገባል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ። ከዚያ ውጤቱን መመዝገቢያዬ ላይ አስገባሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከመጣሁ ወዲህ ደስታም ኀዘንም በወረቀት ነው የሚደርሰኝ፤ እንደ ወረቀትም ሆነብኝ።

ልጆቹን ከወላጅ ለይተው ከቤት ውጭ ይጠይቁልኝ። "ትጨነቃለህ?" አይበሏቸው። ሆድ ይቆርጥህ እንደሆነ፣ ምግብ ይዘጋህ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይከለክልህ እንደሆነ ይበሏቸው። እሌኒንም እንዲሁ።

ወለላ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 17 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለላ፣

በዐቢይ ጾም መካከል ሰላምታዬ ይድረስሽ። እነሆ ሠላሳውም ቅጽ ተሞልቶ ተልኳል። እግሬ አልቋል፤ በጀልባ ወደ ዘጌ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አዘዘን "ጫማ የለውም" ብዬ በጎን ጻፍሁት፤ ቦታ ስላልተውሽለት ጠርዙ ላይ ታገኚዋለሽ።

የእኛ ቤት ቁጥሩ ሃያ ሦስት ነው። እንደ ምክርሽ እሌኒን ወደ ሐይቁ ዳር ወስጄ፣ ደንገሉ አጠገብ አስቀምጬ ጠየቅኋት። ሆድ? የለም። ምግብ? የለም። እንቅልፍ? የለም። ቶሎ ቶሎ ነው የመለሰችው፤ ስጨርስ "ጨረስህ ጋሽዬ?" አለችኝና ተነሣች። የፀጉሯ የኋላ ክፍል የሃምሳ ሳንቲም ያህል ረግፎ አየሁ። አስተማሪዋም "ክፍል ውስጥ ቃል አይወጣትም" ብላኛለች። ቅጹ ላይ ስለ ፀጉር አልጠየቅሽም፤ ስለዚህ አልጻፍሁትም።

እማሆይ ከስተዋል። ጾሙ ነው ይላሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም ነበር፣ አሁን ግን ውሃ በእንስራ ይጠጣሉ። እኔም ፈራሁና ሽንቱን ሁለት ጊዜ ደገምሁት። ሁለቱንም ጊዜ ሰማያዊ። ብልቃጡ ልክ ነው። እሌኒ መርፌውን ስትቀቅል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰዓት ቆጥራ ነው የምታወጣው። ከዚህ በላይ ምን ልመርምር? ዕድሜ ነው ብዬ ተውሁት።

እማሆይ "ትምህርቷን ትጨርስ፣ ስለ እኔ አታስብ" ብለውሻል።

ወንድምሽ መርስዔ ኀዘን

ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ቅጾቹ ደረሱ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ደምሬአቸዋለሁ።

ከሠላሳው ቤት በመርፌ፣ በምግብ፣ በንጽሕና ሙሉ ነጥብ ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ሃያ ሦስት። የልጅ ጭንቀትም ባዶ የሆነበት እሱ ብቻ ነው። ጥናቴን የምትመራው ፕሮፌሰር የማን ቤት እንደሆነ ሳታውቅ "ይህ ቤት ለሌሎቹ ምሳሌ ይሆናል፤ ራሱን በደንብ የሚንከባከብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ልጅ አይጨነቅም" አለች። የጥናቴ መደምደሚያም በዚሁ ላይ ቆሟል። የእናቴ ቤት ነው አላልሁም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እሌኒ መርፌውን ይዛ፣ እማሆይ ክንዳቸውን ሰጥተው ፎቶግራፍ ቢያስነሡልኝ ለመመረቂያ ጽሑፌ ይሆነኝ ነበር። ፀጉሯ ቋቁቻ ይሆናል፤ የድኝ ቅባት ይቀቧት። ከፊት ለፊት ብትነሣ አይታይም።

ወለላ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለላ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የአንቺ ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ፎቶው አልሆነም። ፎቶ አንሺው ቢያዝን ፊልም የለኝም አለ። እሌኒ ክረምቱን እኔ ዘንድ ናት። ፈተናዋን ዐልፋለች። ባለቤቴ ባንቺአየሁ ሰላም ትልሻለች። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ሐይቁ ከፍ ብሏል።

ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ። የመርፌ ጫፍ አትላኪ፤ በቂ አለን።

መርስዔ ኀዘን

ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ?

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ዝናቡ ነግረውኛል፤ ስለ ፎቶ አንሺው ነግረውኛል። የእማሆይ ሰላምታ የለበትም። እሌኒ ለምን እርስዎ ዘንድ እንደሆነች አልተጻፈም። የመርፌ ጫፍ አትላኪ ተብያለሁ።

እርስዎ ለእኔ ሠላሳ ቤት ጠይቀዋል። አሁን እኔ አንድ ልጠይቅዎ። አዎ ወይም የለም ብለው ይመልሱልኝ።

እናቴ አሉ?

ወለላ

ባሕር ዳር፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወለላ፣

የሉም። ግንቦት 9 ቀን ዐረፉ። ዘጌ ከአባትሽ ጎን ነው የተቀበሩት፤ አርባቸውም ወጥቷል።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ደጅ ይመታል፤ ስትወድቂ የሚይዝሽ ክንድ ይኖራል። አንቺ ባለሽበት ከተማ ማለዳ ደጅ የሚመታልሽ አንድ የኛን ሰው ፈልጌ አጣሁ። ዝም ያልሁት ለዚህ ነበር። ከጠየቅሽኝ በኋላ ግን ልዋሽሽ አልችልም፤ የቀረውንም ልንገርሽ።

በግራ እግራቸው ቁስል ነበር፤ በቀሚሳቸው ሸፍነውት ኖሯል። ራሳቸውን ስተው ስናገኛቸው ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሽንታቸውን በላስቲክ ቱቦ ወሰድንና ያው ሥራዬ ነውና እኔው አፈላሁት። ቀላ። እንደ ሸክላ ቀላ። ከኅዳር ጀምሮ በእጄ ሰማያዊ ሲሆን የነበረው ታዲያ የማን ነው ብዬ ዞር ስል፣ እሌኒ በሩ ላይ ቆማለች።

"የኔ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲያ እስከ አርባው ድረስ አልተናገረችም። ከአርባው በኋላ ለነፍስ አባታቸው ተናገረች፤ ከግዝቷ ሲፈቷት ለእኔም ነገረችኝ። ያ ደብዳቤሽ በተነበበ ዕለት እማሆይ መስቀላቸውን አስይዘው አስገዝተዋታል። "የመሪጌታን ሚስት ሥጋ በእርኩስ አላረክስም። አንቺ ግን ቅጂው፣ ቀቅይው፣ ሁሉን እንደ ወትሮው አድርጊ፤ መርስዔ ካወቀ በግድ ያስወጋኛል" አሏት። ስለዚህ በየጧቱና በየማታው መርፌውን ትቀቅላለች፣ በልኩ ትቀዳለች፣ ከዚያ ምሰሶው ሥር ታፈሰዋለች። ጠርሙሱን ደግሞ ከራሷ ሞልታ ታመጣልኛለች። ስድስት ወር። እኔ ሞኙ ባዶ ብልቃጥ ስቆጥር ነበር። መነኩሲት ይዋሻሉ ብዬ አላሰብሁም፤ ልጅቷም ትዋሻለች ብዬ አላሰብሁም። ሐፍረቴ ነው ያሳወረኝ፤ ሽንቱን እሳቸው ራሳቸው እፊቴ ቢሰጡኝ ኖሮ በኅዳር አውቀው ነበር።

የነፍስ አባታቸውን ጠየቅኋቸው። "ለመድኃኒት መሆኑን እነግራቸው፣ እፈታቸውም ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም" አሉ።

አሁን የቸገረኝ እሌኒ ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፤ አታለቅስም። በቀብሩም አላለቀሰችም። በቀደም ዕለት ባንቺአየሁ ፀጉሯን ስትሠራት "ያችን መስመር ዘልያት ባነብላቸው ኖሮ እማሆይ ይኖሩ ነበር" አለቻት። ባንቺአየሁ መጥታ ለእኔ ነገረችኝ። አንቺ የልጅ ጭንቀት ተምረሻል። ምን ልበላት?

ወንድምሽ መርስዔ ኀዘን

ላይፕዚግ፣ መስከረም 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

አምላክ እርስዎንና ባንቺአየሁን ያኑርልኝ። እናቴን ስለ ቀበሩልኝ ውለታዎ አለብኝ።

ደብዳቤዎን ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብሁት። ከዚያ ትምህርት ነበረኝ፤ ገባሁ። ማስታወሻም ያዝሁ። ከሰዓት በኋላ ልብሴን አጠብሁ። ማልቀስ አልመጣልኝም። አሁንም አልመጣም። ጥቁር የለበስሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱንም ሰው ሲሞት እንደሚለበስ ስለማውቅ ነው እንጂ ሆዴ ብሎኝ አይደለም። እሌኒ አታለቅስም ሲሉኝ ከማን እንዳመጣችው አወቅሁ።

ለፕሮፌሰሯ ሃያ ሦስተኛው ቤት ሐሰት ነው አልኋት። "አንድ ቤት ብታወጪ ውጤትሽ ብዙም አይለወጥም፤ አውጪው" አለችኝ። አላወጣሁትም። መደምደሚያውን ነው የቀደድሁት። በፀጉር፣ በዝምታ፣ በቶሎ መልስ የሚታየውን አልጠየቅሁም፤ አይተው በጻፉልኝ ጊዜም በቅባት ሸኘሁት። ሌላውን ሃያ ዘጠኝ ቤት ምን ያህል እንዳላየሁ አላውቅም። ወደ ሀገር መመለሻ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ገና መልስ አልሰጡኝም።

ምን ልበላት ብለውኛል። መጽሐፎቼን ሁሉ አገላበጥሁ፤ የለበትም። ከዚህ ጋር ለእሷ የጻፍሁት አለ። እርስዎ አያንብቡላት። ራሷ ታንብበው። ጽሑፉ ይኸው ነው፤

"እሌኒ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ስለ አሳማው የጻፍሁት እኔ ነኝ። አያትሽ ማን እንደሆኑ እያወቅሁ ሳላስብ ጻፍሁት። አንቺ የተጻፈውን አነበብሽ፤ ከአንቺ የተፈለገውም ይኸው ነበር። መስመር መዝለል የነበረብኝ ስጽፍ እኔ ነኝ፣ ስታነቢ አንቺ አይደለሽም። አለመወጋትን የመረጡት እማሆይ ናቸው። አንቺን ማስገዘታቸው ልክ አልነበረም። እወዳቸዋለሁ፤ ቢሆንም ልክ አልነበረም። አንድም ሰው ሳያውቅልሽ ስድስት ወር ተሸክመሽዋል። እኔም ከሩቅ ሆኜ ጎበዝ ብዬ ነጥብ ሰጠሁሽ። ይቅር በይኝ።"

ወለላ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለላ፣

አምላከ እማሆይ ያጽናሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ።

እንዳልሽው አላነበብሁላትም። እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክሊኒኩ ጓሮ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋትና የእሷን ወረቀት ሰጠኋት። እኔም እሄዳለሁ ብዬ ስነሣ ጀመረች። ጮክ ብላ ነው፤ ደብዳቤ ማንበብ ለእሷ ሌላ ዓይነት የለውም። ለእማሆይ እንደምታነበው፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ በየነጥቡ እያረፈች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። መሄዱን ትቼ ግድግዳው ጋ ቆምሁ። የአሳማውንም መስመር አነበበችው። "ልክ አልነበረም" የሚለውንም ሁለቱንም ጊዜ አነበበችው። አንድ ቃል አልዘለለችም። "ይቅር በይኝ" ላይ ስትደርስ አበቃች፤ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ከጀርባው ምንም አልነበረም።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሽዬ፣ ይህን ለማን ነው የማነበው?" አለችኝ።

"ለራስሽ ነው ልጄ፤ የተጻፈው ላንቺ ነው" አልኋት።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያኔ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ወንድምሽ መርስዔ ኀዘን